ቆሎ የተባለችው እንግዳ

መሰረት ከጋምቤላ በመጣው ሚኒባስ አቦቦ ወርዳ ወደ አባቷ ግቢ ስትገባ በነጠላ የተሸፈነ የሽቦ ቤት አንጠልጥላ ነበር። አባቷ ደሞዝ ዶሮ መስሎት ደስ አለው። ነጠላው ሲገለጥ ግን የማሽላ መልክ ያላት፣ ጅራት አልባ፣ ጉንጫም አይጥ ጥግ ይዛ ተኮራምታ አየ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሐምስተር ይሏታል፣ አባዬ። ስሟ ቆሎ ነው። የሬቤካ ናት።»

ሬቤካ በትየርኪዲ የስደተኞች ጣቢያ ከመሰረት ጋር በነርስነት የሠራች የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ለትምህርት ወደ ውጭ ስትሄድ እንስሳዋን ለጓደኛዋ አደራ ሰጠቻት። መሰረት ደግሞ ጣቢያ ውላ ጣቢያ የምታድርበት ቀን ይበዛል።

«ካንተ ጋር ትሁን ብዬ ነው። ቤቱም ጭር ብሏል» አለች።

«ዕድሜዬን ሙሉ በቆሎዬን ከአይጥ ስጠብቅ ኖሬ፣ አሁን በእንግድነት ልቀበላት?»

አለ እንጂ አልመለሳትም። ሚስቱ ሺታዬ ካረፈች ወዲህ ልጁ በመጣች ቁጥር «ከተማ ገብተህ ከእኔ ጋር ኑር» እያለች ትወተውተው ነበር፤ እሱም ወሬ ይለውጣል። ዛሬ ያንን ሳታነሳ ቀረች። በሁለት ነገር እምቢ ማለት ከበደው።

«እስክትለምድህ አትንካት፤ ትፈራለች» ብላው ሄደች።

ወሬው ግን ከመሰረት እግር ፈጠነ። በማግስቱ ጎረቤቱ ዘኪያ ሻሿን እያስተካከለች መጣች። ዘኪያም እንደ ደሞዝ በልጅነቷ በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ የመጣች ናት።

«አያ ደሞዝ፣ ወላሂ እውነት ነው? አይጥ ማርባት ጀመርክ?»

«ግቢና እያት። ድምፅሽን ግን ዝቅ አድርጊ።»

ጎንበስ ብላ አየቻት። ቆሎ ከመጣች እህል አልቀመሰችም፤ ጀርባዋን ሰጥታ ሆዷ ብቻ ቶሎ ቶሎ ይነፋል።

«ያረቢ፣ ይች እኮ ፈርታለች» አለች ዘኪያ፤ ሳቋ ጠፋ።

ከእሷ በኋላ ሌሎችም ሊያዩ መጡ። አንዱ ሽቦውን በእንጨት ነካ ነካ ሲያደርግ ደሞዝ ተቆጣ። ሰዉን አስወጥቶ በሩን ዘጋ። ለምን እንዲያ እንደተቆጣ ለራሱም አልገባውም ነበር።

የመጋቢት ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው ከማሳ ተመለሰ። ቆሎ በሆዷ ተዘርግታ፣ እግሮቿ ወዲያና ወዲህ ተበትነው፣ ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል። ሞተች ብሎ ደነገጠ። ጣቱን ሲያስጠጋ ትንፋሽ አለ። ቤቷን ይዞ እየሮጠ ጓሮ ወዳለችው የሳር ጎጆ ገባ፤ እርጥብ ጨርቅ ሽቦው ላይ ጣለ፣ በጣቱ ውኃ አንጠባጠበላት። ብዙ ከቆየች በኋላ አፍንጫዋ ተንቀሳቀሰ።

እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ አሰበ። የዱር አይጥ ይህን ሙቀት እንዴት ነው የምትችለው? መሬት ውስጥ ነው። እሱ ራሱ በዶማ ስንቱን ጉድጓድ አፍርሷል!

የሺታዬ አንገቱ የተሰበረ እንስራ ከጎጆዋ ጥግ ነበር። ሊጥለው እጁ ሳይታዘዝለት የቀረ ነው። ወለሉን ቆፍሮ እንስራውን በጎኑ አጋድሞ ከግማሽ በላይ ቀበረው። ሆዱን በደረቅ ሳርና በበቆሎ ሽፋን ሞላው። የሽቦውን ቤት በር ከእንስራው አፍ ጋር ገጥሞ ክፍተቱን በጭቃ መረገ። ቆሎ ወደ ጨለማው አሸተተች፤ አንድ እግሯን አስገባች፤ መልሳ አወጣች፤ ከዚያ ገብታ ጠፋች።

ከዚያ ወዲያ ሥራው መጠበቅ ሆነ። ሲመሽ ሲመሽ ጎጆዋ በር ላይ ይቀመጥና ለውዝ ይፈለፍላል። ጥቂት ፍሬ ሽቦው ውስጥ ያኖራል፤ አያያትም፣ አይጠራትም። ጠዋት ፍሬው የለም።

እንዲህ ተቀምጦ ነው የራሱ መምጣት ትዝ ያለው። ከአንቶኖቭ አውሮፕላን አውርደው፣ በመኪና ጭነው፣ ሣሩ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቦታ ያፈሰሷቸው ጊዜ። እናቱ ወባ ጥሏት መጠለያው ውስጥ ተኝታ ነበር። ካድሬው ውጡ፣ ተሰለፉ ይላል። ትንሹ ደሞዝ ግን ከእናቱ እግር ሥር ተጣብቆ አልወጣ አለ። አንድ ቀን አንዲት የአኙዋክ ሴት መጣች። አልጠራችው፣ አልሳቀችበት፤ የተቆላ ለውዝ በቅጠል አድርጋ ደፍ ላይ አስቀምጣ፣ ዞራ ሳታይ ሄደች። ለውዝ አይቶ አያውቅም ነበር። ቋንቋዋንም አያውቅም። ቢሆንም የዚያን ቀን ከመጠለያው ወጣ። ስሟን ሳይጠይቅ በመቅረቱ አሁንም ይቆጨዋል።

በአንዱ ምሽት እጁን በሽቦው ክዳን አስገብቶ መዳፉን ወለሉ ላይ ዘረጋ። ቆሎ ከእንስራው ወጣች። ጢሟ ጣቶቹን ኮረኮረው። ለውዙን አንስታ ጉንጯ ውስጥ ወሸቀች፤ ሌላ ጨመረች፤ ፊቷ እንደ ቋጠሮ እስኪወጠር ድረስ። ከዚያም አልሮጠችም። መዳፉ ላይ ቁጢጥ ብላ ፊቷን ታጥብ ጀመር። ደሞዝ መዳፉን ሳያንቀሳቅስ ቆየ። ሺታዬ ብታይ ኖሮ ምን ትል እንደነበር አሰበና ዓይኑ ረጠበ።

መሰረት ስትመለስ አዲስ ነገር ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ የሬቤካ አክስት አዲስ አበባ ትወስዳታለች። እዚያ ብርድ ነው፤ ይሻላታል።»

 ነገሩ ሐሰት አልነበረም፤ ደሞዝ የዚያን ቀን ሙቀት አልረሳውም።

«እኛንም ይሻላችኋል ብለው ነው ያመጡን» አለ። «ምናልባት እውነታቸውን ነበር፤ እዚያ ብንቀር ረሃቡ ይጨርሰን ነበር ይሆናል። ግን የጠየቀን የለም።»

«እሷን እንዴት አድርገን እንጠይቃት?»

«ነይ፣ ላሳይሽ።»

ጭቃውን በቀስታ ፈንቅሎ እንስራውን በስልኩ መብራት አሳያት። ቆሎ በሣር ጉዝጓዟ ውስጥ ተጠቅልላ ተኝታለች። ከኋላዋ ለውዝና በቆሎ ተከምሯል። መሰረት እጇን ስታስገባ ውስጡ ቀዝቀዝ ያለ ነው።

«ሊሄድ ያሰበ ጎተራ አይሞላም» አላት።

መሰረት ቀና ብላ አባቷን አየችው፤ ከዚያም በጎጆዋ በር በኩል የሚታየውን ማሳ። እንደተጋቡ በሺታዬና በእሱ እጅ የተመነጠረ ነው።

«አንተም ከተማ አትመጣም ማለት ነው?»

«ልጠይቅሽ እመጣለሁ። ለመኖር ግን እዚህ ነኝ።»

አልተከራከረችውም። እስከ ዛሬ ብቸኛ ነው እያለች ስትጨነቅ የኖረችው እሷ እንጂ እሱ እንዳልሆነ የገባት ያኔ ነው። ውጪ ወጥታ ለአክስትየዋ ደወለች፤ «እዚሁ ለምዳለች፤ ትቆይ» ስትል ተሰማ።

ስትሰናበተው «በሚቀጥለው ምን ላምጣልህ?» አለችው።

«ለእኔ ምንም። ለእሷ ግን የሚሽከረከር መጫወቻ አለ ይላሉ፤ ካገኘሽ እሱን አምጪ።»