ሦስት ጣት ከፍ ያለው የሞተሬ መቀመጫ

ነገሩ የሆነው ዓምና፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ዓመት አለፈው፤ እስከ ዛሬ ግን ሞተሬ ላይ በወጣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ለእናቴ እንኳን አልነገርኳትም። እዚህ የምጽፈው አንድ ቦታ መተንፈስ ስላለብኝ ነው። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ፤ ነገሩን ግን አልቀየርኩም።

መምህርት ነኝ፤ የምኖረው አረካ ነው። ዘጠኝ ዓመት የጠመኔ ብናኝ ከበላሁ በኋላ ወደ ቦምቤ በሚወስደው መንገድ ያሉ አምስት ትምህርት ቤቶችን የምከታተል ሱፐርቫይዘር ሆንኩ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ባጃጅ ዋናው መንገድ ላይ ያወርደኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በእግር ነው። አንድ ትምህርት ቤት ደርሼ ስመለስ ቀኑ ያልቃል። አንድ ቀን ኃላፊያችን ስብሰባ ላይ "ዞሮ ማየት ያልቻለ ወደ ክፍሉ ይመለሳል" አለ። ሲናገር እኔን አላየኝም፤ ሌላው ሁሉ ግን ዞሮ አየኝ። ያን ዕለት ሞተር ለመግዛት ወሰንኩ።

እኔ ደግሞ አጭር ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ ያሉ ተማሪዎቼ በሙሉ ይበልጡኛል። ረጅሙ ምላሴ ብቻ ነው። አገር ምድሩ የሚነዳው ያ ቁመተ ረጅም ሞተር ላይ ስወጣ እግሬ ይንጠለጠላል። ሶዶ ወርጄ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ሻጮቹ ሁሉ "ግድ የለሽም፣ ትለምጂዋለሽ" ይሉኛል። ምኑን ነው የምለምደው? ቁመት ይለመዳል እንዴ?

በመጨረሻ አንዱ ሱቅ ጥግ ላይ አንድ ያገለገለ ሞተር አየሁ። ክሩዘር የሚሉት ዓይነት ነው። መቀመጫው ዝቅ ያለና ሰፊ፣ መሪው ወደ ነጂው የተቆለመመ፣ ሰው ሶፋ ላይ እንደተቀመጠ ተዝናንቶ የሚነዳው። ወጣሁበት። የጫማዬ ጫፍ መሬት ነካ! በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ባለቤቴ ታምራት አብሮኝ ነበር። እሱ መለሎ ነው፤ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይሠራል። "ይሄ የከተማ ጎረምሳ ሞተር ነው አስቱ፤ ትልቁን ግዢ፣ እኔም እነዳዋለሁ" አለኝ። "የምነዳው እኔ ነኝ" አልኩት። ሳቀ። ቤት ስንደርስ እጁን መቀመጫው ላይ ጭኖ ጸለየልኝ። እኔም ከልቤ አሜን አልኩ።

ያኔ ከታምራት ጋር ከተጋባን ሰባት ዓመታችን ነበር። ልጅ ገና አልሰጠንም። ስለዚህ ነገር ለውጭ ሰው ላንናገር ተስማምተን ነበር፤ ሰው ሲጠይቀን "ጊዜው ሲደርስ" ብሎ ወሬውን የሚቀይርልኝ እሱ ነው። ለዚህ ነገሩ ብቻ ስንት ጊዜ አመስግኜዋለሁ።

ሞተሩ ዝቅ ያለ ቢሆንም እንዳለ አልተመቸኝም። መሪው ይርቀኛል፤ የእግር መርገጫው ወደፊት ስለሆነ ለመድረስ ወገቤን እያጎበጥኩ ነበር። ሶዶ ወደ አንድ መካኒክ ወሰድኩት። ጋሽ ባሳ ይባላሉ፤ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ገና ሲያዩኝ መለሱኝ። "በነጠላ ጫማ ሞተር አይለካም። የምትነጂበትን ጫማ አድርጊ፣ የምትይዢውን ቦርሳ ያዢና ቅዳሜ ነይ" አሉኝ።

ቅዳሜ ሞተሩ ላይ አስቀመጡኝ። "አሁን ዓይንሽን ጨፍኚ። እጅሽን እንደ ልብሽ ዘርጊ። መሪውን አትፈልጊው፣ እሱ ይፈልግሽ" አሉ። ጨፍኜ ዘረጋሁ። እጄ ያረፈበት ቦታ ድረስ መሪውን ሳቡልኝ። የእግር መርገጫውን ወደ ኋላ መለሱት፤ የመቀመጫውን ስፖንጅ ሦስት ጣት ያህል ቆርጠው ጎንና ጎኑን አቀጠኑት። ሲጨርሱ ሁለቱም ተረከዞቼ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። "አሁን ይሄ ሞተር ያንቺ ነው ቲቸር፤ ሌላ ሰው ቢነዳው ወገቡን ያመዋል" አሉኝና ሳቁ።

ሁለት ወር እንደ ንግሥት ነዳሁ። አምስቱንም ትምህርት ቤቶች በሳምንት ሁለት ጊዜ አዳርስ ነበር። ኃላፊያችን ሳይቀር ሪፖርቴን ለሌሎቹ አነበበላቸው።

አንድ ቀን ታምራት "ለሥራ ሶዶ እሄዳለሁ፤ በዚያው ሞተርሽን ሰርቪስ ላሰራልሽ" አለኝ። ምን ያለ አሳቢ ባል ነው ብዬ ቁልፉን ሰጠሁት።

ሲመለስ ሞተሩ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ስወጣበት ግን እንግዳ ሆነብኝ። ተረከዜ መሬት አይደርስም፣ እጄም ይወጠራል። "ታምራት፣ ይሄ ነገር ከፍ አላለም?" አልኩት። "የኋላው ሞላ አዲስ ስለሆነ ነው፤ ስትነጂው ይወርዳል፣ ትለምጂዋለሽ" አለኝ። የሻጮቹን ቃል ከባሌ አፍ ስሰማ እንኳን አልጠረጠርኩም። ባል ይጠረጠራል እንዴ?

ሦስት ሳምንት በጣቴ ጫፍ እየቆምኩ ነዳሁ። ወገቤን አመመኝ። አንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። በሩ ላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ስደርስ ለመቆም እግሬን ሰደድኩት። መሬቱን አጣሁት። ከነሞተሩ ተገለበጥኩ። ቁርጭምጭሚቴ ዞረ፣ የጋለው የጭስ ማውጫ ማርሚታ ባቴን ጠበሰኝ። ያ ሁሉ ወላጅ እያየኝ መምህራኑ ሞተሩን ከላዬ አነሱልኝ። አንዲት እናት አቧራዬን እያራገፉልኝ "የእኔ ልጅ፣ ምን አስቸኮለሽ?" አሉኝ። ከቃጠሎው ይልቅ ንግግራቸው አመመኝ።

ታምራት አስታመመኝ። እግሬን በሙቅ ውሃ አጠበልኝ። "በቃ አስቱ፣ ሰውነትሽ ለዚህ አልተፈጠረም" አለኝ በለሆሳስ። እኔም አመንኩት። ከዚያ ወዲያ ሞተሩን እሱ እየነዳው ወደ ቢሮ መሄድ ጀመረ። በጤና ምክንያት ከሱፐርቫይዘርነት ወርጄ ወደ ክፍል እንድመለስ የሚጠይቀውን ደብዳቤም እሱ ነው ያረቀቀልኝ፤ አማርኛው ያማረ ነበር። ሰኞ ላስገባው ፈርሜ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ እግሬን ለመታየት በሚኒባስ ሶዶ ወረድኩ። መንገዴ በጋሽ ባሳ ጋራዥ በኩል ስለነበር ሰላም ሳልላቸው ማለፍ ነውር መሰለኝ። እያነከስኩ ስገባ ሲያዩኝ ብድግ አሉ። "አይ፣ አይ! እዚያ ብረት ላይ አትቀመጪ፣ ይቀዘቅዝሻል!" ብለው የራሳቸውን ወንበር አመጡልኝ። ሞተር የሚያስነሱትን ሠራተኞች "ጭሱን ወዲያ አድርጉት!" ብለው ተቆጡ። ለስላሳ አስመጡልኝ።

"ጋሽ ባሳ፣ ምነው ዛሬ? ሚኒስትር የመጣ አስመሰሉት እኮ" አልኳቸው።

አቀረቀሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "መቼም እንዲህ ያለው ነገር በውጭ ሰው አይወራም። ባለቤትሽ ስለነገረኝ ነው። ደስ ብሎናል። ሚስቴም በየቀኑ ትጸልይልሻለች" አሉኝ።

"ምኑን ነው የነገረዎት?"

"ያው... ነፍሰ ጡር መሆንሽን ነዋ። ሞተሩን ለሰርቪስ ያመጣ ቀን መቀመጫውን ከፍ አድርግልኝ ሲለኝ እኔ እምቢ አልኩት። የቲቸር ሞተር ነው፣ እሷ ሳትኖር አልነካም አልኩት። እሱ ግን ነፍሰ ጡር ናት፣ እስክትወልድ ድረስ አትነዳም፣ ለእኔ ቁመት አስተካክለው ሲለኝ ነው ስፖንጁን በወፍራም የቀየርኩት። መሪውንም ወደፊት ገፋሁት። ደውዬ ልጠይቅሽ አስቤ ነበር፤ ግን ስለ እርግዝና ሴትን በስልክ መጠየቅ ነውር ሆነብኝ።"

ለስላሳውን እስከ መጨረሻው ጠጣሁት፤ ለምን እንደጨረስኩት አላውቅም። አመስግኜ ወጣሁ። ሐኪም ቤቱንም ተውኩት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። እኔን ግን የጣለኝ ሞተሩ አልነበረም።

ቤት ስደርስ ታምራት ግቢ ውስጥ ሞተሩን ይወለውላል።

"ታምራት፣ ስንት ወር ሆነኝ?" አልኩት።

"የምን ወር?"

"የእርግዝናዬ።"

ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ እያነሳው "ቢሮ ምን እንደሚሉኝ አታውቂም" አለ። "ሚስትህ በሞተር አለፈችህ፣ አንተ በእግርህ እያሉ ይስቁብኛል። ደግሞም ወድቀሽ ትጎጂብኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።"

"እንዳልወድቅ ነው እግሬ መሬት እንዳይደርስ ያደረግኸው?"

"ካልተመቸሽ ትተይዋለሽ ብዬ ነው እንጂ..."

"እሺ፣ ይሄስ ይሁን። ልጁንስ?"

"ባሳ እምቢ አለኝ። ሌላ ምክንያት አልመጣልኝም።"

ሌላ ምክንያት አልመጣለትም! ሰባት ዓመት ተደብቀን ያለቀስንበት ነገር ለስፖንጅ ማስቀየሪያ ዋለ። ጮኼ አለቀስኩ። ደብዳቤውን እዚያው ፊቱ ቀደድኩት።

ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ታምራት የመቀመጫውን ነገር ብቻ ነገራቸው። "ሞተር ነው እንዴ ያጣላችሁ?" ብለው ሳቁ። "ፍቅር ቢበዛበት ነው፣ ልጄ" አሉኝ። ሌላውን እንዴት አድርጌ ልንገራቸው? ዋጥኩት። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ግን ታምራትን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። "ሞተሩን አንተው ነድተህ ጋሽ ባሳ ጋ ትወስደዋለህ። ፊታቸው ቆመህ ዋሽቼዎታለሁ ትላቸዋለህ። ሌላ ካሳ አልፈልግም።" እሺ አለኝ። ማለልኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እሱ እየነዳ፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ሶዶ ገባን። ጋሽ ባሳ ሁለታችንንም አዩን። "እንደ ድሮው ለእኔ ይስተካከል" አልኳቸው። ደነገጡ። ሆዴን አይተው ወዲያው ዓይናቸውን መለሱ። ታምራት አፉን እስኪከፍት ጠበቅኩ። አልከፈተም። ጋሽ ባሳም ምንም ሳይጠይቁ ሥራቸውን ጀመሩ። ስፖንጁን ቀየሩ፣ መሪውን ሳቡ። ዓይንሽን ጨፍኚ አላሉኝም፤ ልኬን ያውቁታል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ታምራት ጫማውን ያያል።

ሲጨርሱ እጃቸውን ጠርገው መጡ። ከእኔ ጋር ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር የሚያወሩት። ያን ዕለት ግን በወላይትኛ፣ አባት ለልጁ እንደሚናገር አድርገው "አይዞሽ ልጄ። የሄደውን እግዚአብሔር ይተካልሻል" አሉኝ። ፅንሱ የወረደብኝ መስሏቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ወደ ታምራት ዞርኩ። አሁን ይነግራቸዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ ሐዘንተኛ እጃቸውን ጨበጠና "አሜን" አለ።

ዛሬም ሱፐርቫይዘር ነኝ። ቁልፉ ከእኔ ኪስ አይወጣም። ሞተሩ እንደ ልቤ ይመቸኛል፤ ዳገቱ ላይ ያለው ትምህርት ቤት በር ላይም ሁለት እግሬን ተክዬ እቆማለሁ። ጋሽ ባሳ ባገኙኝ ቁጥር በዝግታ "እንዴት ነሽ?" ይሉኛል፤ ሚስታቸውም አሁንም ይጸልዩልኛል። እውነቱን ልነግራቸው ስንት ጊዜ አስቤ አፍሬ ተውኩት። የእሱን ኃፍረት እኔ ተሸክሜ እዞራለሁ።

የመቀመጫውን ነገር ይቅር ብዬዋለሁ። ያቺን አሜን ግን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አልቻልኩም። እሱም ያውቃል፤ ማዕድ ላይ ጸልዮ ሲጨርስ እኔ ዝም ስለምል።