ጋሽ ዴክላንና የሁዳዴው ከበሮ

ልጅ እያለሁ በኦስሎ ከተማ ከበሮ በመምታት የሚስተካከለኝ አልነበረም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራትም ነው። በሰንበት ትምህርት ቤታችን በዕድሜ የሚበልጡኝ ሁለት ወንዶች ከበሮ ይመቱ ነበር፤ መዝሙሩ ሲሞቅ ግን መዘምራኑ ዞር ብለው የሚያዩት እኔን ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከበሮው ከደረቴ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል፤ ማንገቻውን አንገቴ ውስጥ ሳስገባ ግን የሚያቆመኝ ሰው ያለ አይመስለኝም። የሚያቆመኝ ሁዳዴ ብቻ ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ከበሮው ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይቀመጣል፤ እስከ ፋሲካ ድረስ አይነካም። ለሌሎቹ ልጆች ጾም ማለት አይብና ቸኮሌት የሌለበት ጊዜ ነበር። ትምህርት ቤት በምሳ ሰዓት የክፍል ጓደኞቼ የኖርዌይን ቡናማ አይብ ዳቧቸው ላይ ሲያነጥፉ እኔ የኦቾሎኒ ቅቤዬን እያላመጥኩ ምንም አይመስለኝም ነበር። የከበደኝ የእጄ ጾም ነው። ጠረጴዛ እደበድባለሁ፣ በር እደበድባለሁ፣ የአውቶቡስ መቀመጫ እደበድባለሁ። አባቴ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ «አንቺ ልጅ፣ ምን በደለሽ ይሄ ጠረጴዛ?» ይለኝ ነበር።

የምንኖረው ፉሩሴት በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ካለ ፎቅ ስድስተኛው ላይ ነበር። የልብስ ማጠቢያ ማሽኖቹ ምድር ቤት ናቸው፤ ነዋሪው ሁሉ በተራ ይጠቀምባቸዋል። የእኛ ተራ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለምትሠራ ቅርጫቱን ይዤ የምወርደው እኔ ነበርኩ። ያን ምድር ቤት ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ላገኘው እችላለሁ፤ የሳሙና ሽታ፣ የሞቀ ጨርቅ ሽታ፣ ከግድግዳው የሚወጣ የእርጥበት ሽታ። የዚያ ዓመት ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ ግን ከሽታው ሌላ ድምፅም ነበረው። ከማሽኖቹ ጀርባ ካለችው ጠባብ ክፍል አኮርዲዮን ይሰማል።

ገፋ አድርጌ ገባሁ። በልጅነቴ ማንኳኳት የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ከሦስተኛ ፎቅ የማውቃቸው ነጭ ጺም ያላቸው ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አኮርዲዮን ይጫወታሉ። አኮርዲዮናቸው እንደ ፒያኖ ጥርስ ያለው አልነበረም፤ የካፖርት ቁልፍ የመሳሰሉ ትንንሽ ክብ ነገሮች ተደርድረውበታል። አንዱን ቁልፍ ተጭነው ሲስቡት አንድ ድምፅ፣ ሲገፉት ደግሞ ሌላ ድምፅ ያወጣል። ስማቸው ዴክላን ነው። ሀገራቸው አየርላንድ ሲሆን፣ በወጣትነታቸው በመርከብ ሥራ ኖርዌይ መጥተው፣ ራንዲ የምትባል የዚህ ሀገር ሴት አግብተው ቀርተዋል። ፎቁ ላይ ሲጫወቱ ጎረቤት ስለሚያማርር ምድር ቤት ወረዱ። እናቴ «ጋሽ» ሳትል ሽማግሌ መጥራት ስለማይሆንላት በኋላ ጋሽ ዴክላን አለቻቸው፤ እኔም በዚያው ጠራኋቸው።

ዜማቸው ከእኛ ምት ጋር የሩቅ ዘመድ ይመስላል። አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት እያለ ትከሻ ይጠራል። እኔም ሳላስበው የልብስ ማጠቢያውን ቅርጫት ገልብጬ እመታ ጀመር። መጫወታቸውን ሳያቋርጡ አዩኝ፣ ፈገግ አሉ፣ ሲጨርሱም ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ከበሮ አውርደው ሰጡኝ። ቦውራን ይባላል። እንደ ሰፌድ ክብና ስስ ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ የፍየል ቆዳ ተወጥሮበታል፣ ጀርባው ክፍት ነው። ግራ እጅ ከውስጥ ገብቶ ቆዳውን እየደገፈ ድምፁን ያወፍራል፣ ያቀጥናል፤ ቀኝ እጅ ደግሞ እርሳስ በምታህል እንጨት ይመታል። እኔ ምን ያቅተኛል ብዬ ተቀበልኳቸው። ከበሮ በሰው እጅ፣ ሲያዩት ያምር ሲይዙት ያደናግር ይባል የለ? እንጨቱ ከእጄ አምልጦ ማሽኑ ሥር ገባ። ጋሽ ዴክላን ሳቁ። ተናደድኩ፣ በሆዴ ተኝቼ እንጨቱን አወጣሁና እንደገና ያዝኩ።

በሦስተኛው ሐሙስ ለመድኩት። ያልለመድኩት አንድ ነገር ነበር። በእኛ መዝሙር ዜማውን የሚነዳው ከበሮ ነው፤ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ሊያበቃ ሲል ከበሮ መቺው ያፈጥናል፣ ጭብጨባውም ድምፁም ይከተለዋል። እሳቸው ዘንድ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ቦውራን የሚመታ ሰው ከዜማው ኋላ ይሄዳል እንጂ አይቀድምም። እኔ ደግሞ ዜማው ሲሞቅ እጄ በራሱ ይሮጣል። እሳቸው ያቆማሉ፣ ጣቶቻቸውን ያሻሻሉ፣ «ጣቶቼ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጠብቂያቸው» ይላሉ። እሺ እላለሁ፤ እንደገና እሮጣለሁ።

በዚያው ሐሙስ ስለ ራንዲ ነገሩኝ። ከበሮው የእሷ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ከጎናቸው የሚመታ ሰው ስላልነበረ ሰው ፊት ተጫውተው አያውቁም። ጓደኞቻቸው በየዓመቱ መጋቢት ላይ፣ የሀገራቸው ጠባቂ ቅዱስ በሚከበርበት ቀን፣ በፎቃችን የጋራ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ኑ ይሏቸዋል፣ እሳቸው ጣቴን ያመኛል እያሉ ይቀራሉ። «ዘንድሮ አንቺ ከጎኔ ከተቀመጥሽ እሄዳለሁ። ካልሆነ ግን አኮርዲዮኑን እሸጠዋለሁ፤ ምድር ቤት ለብቻ መጫወት ሰልችቶኛል» አሉኝ። ወዲያው በኖርዌጅኛ «ያ!»፣ እሺ አልኩ። ቃል ሰጥቼ፣ ቅርጫቴን ይዤ፣ ሊፍት ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው በዓሉ ሁዳዴ ውስጥ እንደሚውል ትዝ ያለኝ።

ከበሮውን ለልምምድ ቤት ይዤው ወጥቼ ስለነበር መደበቂያ አልነበረኝም።

«በሁዳዴ? ከበሮ?» አለች እናቴ።

«እማ፣ ይሄ እኮ ከበሮ አይደለም። አንድ ፊት ብቻ ነው ያለው።»

«ቆዳ ተወጥሮበት የሚመታ ሁሉ ከበሮ ነው።»

«ናይ፣ አይደለም እማ! ቦውራን ነው የሚባለው!»

«ስሙን ለባለቤቱ ንገሪ። ለእኔ ከበሮ ነው።»

አባቴ ቆዳውን አሽትቶ «የፍየል ነው። በእናታችሁ፣ በጾም ፍየል አታስታውሱኝ» አለና ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። አልቅሼ ተኛሁ። እኔ ብቀር እሳቸው አይሄዱም፤ እሳቸው ካልሄዱ አኮርዲዮኑ ይሸጣል። በአሥራ አንድ ዓመቴ የአንድ ሽማግሌ ደስታ ትከሻዬ ላይ የወደቀ መሰለኝ። አሁን ሳስበው በእርግጥም ወድቆ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ እናቴ ፈቃድ ወስዳ አብራኝ ምድር ቤት ወረደች። ልጄ በዚህ ወር አትችልም ብላ ራሷ በአክብሮት ልትነግራቸው ነው። እሳቸው አንድ የዘገየ ዜማ ይጫወቱ ነበር። እናቴ እስኪጨርሱ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ በምትችለው ኖርዌጅኛ ከበሮው የማን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። የባለቤቴ አሉ። የት ናቸው ብላ ጠየቀች። ሞታለች፣ ሦስት ዓመቷ አሉ። እናቴ ልትናገር የመጣችውን ሳትናገር እጄን ይዛ ወጣች።

ሊፍቱ ውስጥ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። «ሦስት ዓመት» አለች። «ከሦስተኛ ፎቅ ሬሳ ወጥቶ እኛ ስድስተኛ ላይ ቁጭ ብለን እንበላ ነበር ማለት ነው። ለቅሶ አልደረስናቸውም እኮ! አንድ ሰው ‹እግዜር ያጥናዎ› አላላቸውም።»

ማታ የንስሐ አባታችን ጋ ደወለች። በሩን ዘግታ ስላወራች ምን እንዳሏት አላውቅም። ስትወጣ ግን ነገሩ አልቆ ነበር። «ትመቺላቸዋለሽ» አለችኝ። «የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ እንዳረፈ ነው። ይሄ ለቅሶ መድረስ ነው።»

«በከበሮ ለቅሶ?» አለ አባቴ።

«እንግዲህ የሰዎቹ ወግ እንደዚያ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ?»

በዓሉ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የበዓላቸውን ቀለም አረንጓዴ ለብሷል። አንዱ አረንጓዴ ባርኔጣ፣ አንዷ አረንጓዴ ካልሲ። እናቴ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አንድ ትሪ የምስር ሳምቡሳ ተሸክማ ገባች። ሰው ዞር ዞር እያለ አያት። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን ማንንም ሳታይ ቀጥታ ወደ ጋሽ ዴክላን ሄደች፤ ትሪውን አስቀምጣ፣ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘችና የሐዘን መግለጫውን ቃል በኖርዌጅኛ አለቻቸው። «ይቅርታ፣ ዘግይቻለሁ» ስትልም ጨመረች። ጋሽ ዴክላን ከወንበራቸው ተነሡ። አንገታቸውን ብዙ ጊዜ ነቀነቁ። ከዚያ ተቀምጠው አኮርዲዮናቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

ጀመርን። የመጀመሪያውን ዙር ከኋላቸው ሄድኩ፤ ለራሴም ገረመኝ። ሁለተኛውም ደህና ነበር። ሰው በእግሩ ወለሉን መምታት ጀመረ፣ ቤቱ ሞቀ፣ የጋሽ ዴክላን ጉንጭ ቀላ። በሦስተኛው ዙር ከግድግዳው በኩል ጭብጨባ ሰማሁ። የማውቀው ጭብጨባ ነው። ቀና ስል እናቴ ናት፤ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች፣ ለቅሶዋንም ሁዳዴዋንም ረስታ፣ ልክ መዝሙር ሊያበቃ ሲል እንደምታደርገው እያፈጠነች ታጨበጭባለች። እጄ የእናቱን እጅ ሲያይ ምን ያድርግ? ተከተላት። ሮጥኩ። ጋሽ ዴክላን ሊደርሱብኝ ሞከሩ፣ አንድ ቁልፍ ሳቱ፣ ሁለት ሳቱ፣ ከዚያ አኮርዲዮኑ ትንፋሹን ጨርሶ ዝም አለ።

የሰዉም የእግር ምት ተቋረጠ። ጋሽ ዴክላን ማሰሪያውን ከትከሻቸው ሊያወርዱ እጃቸውን አነሡ። ያቺን ማሰሪያ ካወረዱ መልሰው እንደማያጠልቋት ማንም አልነገረኝም፤ ግን አወቅኩ። እናቴ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። እኔ ወንበሬን አዙሬ ለእናቴ ጀርባዬን ሰጠሁና የጋሽ ዴክላንን ጣቶች ብቻ እያየሁ መምታት ጀመርኩ። በጣም ቀስ ብዬ። አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት። አላፈጠንኩም፤ ሳላቋርጥ ጠበቅኳቸው። ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አላስታውስም፤ ለእኔ ግን አንድ ሙሉ ሁዳዴ ነበር። ጋሽ ዴክላን እጃቸውን ከማሰሪያው መለሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። በእሳቸው እርምጃ ገቡ፣ እኔም ከኋላ ከኋላቸው እስከ መጨረሻው ሄድኩ። ሲያበቃ የተጮኸው ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ሠርቻለሁ፤ የዚያን ቀኑን ያህል ጥሩ አድርጌ የሠራሁት ነገር ግን የለም።

አኮርዲዮኑ አልተሸጠም። ጋሽ ዴክላን ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት፣ መጋቢት በመጣ ቁጥር ያ አዳራሽ ውስጥ ተጫወቱ። እኔ ከበሮ፣ እናቴ ሳምቡሳ፤ ጭብጨባ ግን ተከልክላ ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የምትለዋን ተረት እናቴ በኖርዌጅኛ ልታስረዳቸው ዘጠኙንም ዓመት ደክማለች። ያረፉ ቀን ከፎቃችን ቀድማ የደረሰችው እሷ ናት። እዚህ ሀገር ድንኳን ተጥሎ፣ ፍራሽ ተነጥፎ ለቅሶ አይቀመጡም፤ ስለዚህ ሦስት ቀን የእኛን ቤት ከፈተች፤ አየርላንዶቹ ከነመሣሪያቸው መጥተው ሳሎናችን ውስጥ ተቀመጡ።

አሁን የምኖረው ኦከርን በሚባል ሰፈር፣ በቅርብ ከተሠሩት ሕንፃዎች በአንዱ ነው። ቆንጆ ቤት ነው፤ አልዋሽም፣ ሠርቼ ያገኘሁት ነውና እኮራበታለሁ። ማጠቢያ ማሽኔ ቤቴ ውስጥ ነው፣ ግድግዳው ድምፅ አያሳልፍም፣ ስለ ጎረቤት የሚያማርር የለም። ባለፈው ወር ከሥራ ስመለስ ከጎኔ ያለው በር ላይ የነበረው ስም ተነሥቶ ሌላ ስም ተለጥፎ አየሁ። ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ የሚሰጡኝ አሮጊት ነበሩ። ቤት ቀይረው ይሁን ሌላ ነገር ሆኖ አላውቅም፤ የምጠይቀውም ሰው አላገኘሁም። እናቴ ጋሽ ዴክላን ዘንድ ሦስት ዓመት ዘግይታ ደረሰች፤ እስከ ዛሬም ያሳፍራታል። እኔ ለማን እንደዘገየሁ እንኳ አላውቅም።