ማኅተሙ ያላወቃቸው ሐኪም

ስልኩ ሲጮህ ማን እንደሆነ ሳላየው አውቅ ነበር። በዚያ ሳምንት በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሚደውልልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሲማዳ ውስጥ ባለች የገጠር ቀበሌ የእንስሳት ክሊኒክ የሚሠሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ የከብት ሐኪም።

«ልጄ፣ ዛሬም እንቢ አለኝ» አሉ።

«ምን ይላል ጋሼ?»

«ያው የትናንቱን ነው። ቀይ ጽሑፍ፣ በእንግሊዝኛ። ላንብብልሽ?»

«አይ፣ ግድ የለም አያንብቡ። ቀስ ብለው እንደገና ይሞክሩት። ‹ላክ› የሚለውን አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑ፤ አይደጋግሙት።»

«አንድ ጊዜ ነው የጫንኩት።»

«እስቲ ይሞክሩት» ብዬ ዘጋሁት። ዛሬ ሳስበው ከሁሉም በላይ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ ላንብብልሽ ሲሉኝ አይሆንም ማለቴ።

ንፋስ መውጫ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት ግን በጸሐፊነት ነው። በጋይንት፣ በሲማዳና በእስቴ ያሉት ክሊኒኮች የመድኃኒትና የክትባት ጥያቄያቸውን ወረቀት ላይ ሞልተው በሚኒባስ ሾፌር እጅ ይልኩ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያንን ኮምፒውተር ላይ እገለብጥ ነበር። አንዳንዱ ወረቀት ዝናብ መትቶት ይመጣል፣ አንዳንዱ ሾፌሩ ኪስ ውስጥ ይከርማል። መድኃኒቱ ሲደርስ ከብቱ ሞቶ ይቆያል። ይህን እያየሁ ዝም ማለት ስላልሆነልኝ ፕሮግራም መጻፍ ራሴን አስተማርኩ፤ ጥያቄው በድረ ገጽ የሚላክበትን ሥርዓትም ብቻዬን ሠራሁ። እንደ መጀመሪያ ልጅ እሳሳለት ነበር።

ሥርዓቱ ጥሩ አድርጎ እየሠራ ሳለ ከበላይ መሥሪያ ቤት አዲስ ነገር መጣ። ሠራተኛው ለየሥርዓቱ የተለያየ የይለፍ ቃል መያዙ ቀርቶ በአንድ መግቢያ ሁሉንም ይጠቀም ተባለ። መግቢያው ሰውየውን ይለይና ስለ እሱ ጥቂት የምስክርነት ቃላት ይልክልናል። ስሙ ይህ ነው፣ ሥራው ይህ ነው፣ የሚሠራው እዚህ ነው እንደ ማለት ነው፤ በሙያችን ክሌም እንላቸዋለን። የኔን ሥርዓት ከአዲሱ መግቢያ ጋር አገናኘሁት። ገብቼ ስሜ ከገጹ ራስ ላይ ተጽፎ ሳየው፣ ሠራ ብዬ ተነሣሁ። ፎርም ሞልቼ አልላክሁም። ጥያቄ መላክ የክሊኒኮች ሥራ እንጂ የኔ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው የሲማዳው ሐኪም መደወል የጀመሩት። ከእሳቸው በቀር አቤት ያለ ማንም የለም። አለቃዬ ነገሩን ስነግረው ሳቅ አለና፣ «ሽማግሌ ናቸው፤ ለእሳቸው ወረቀቱ ይሻላቸዋል፤ እንደ ድሮው ይላኩ» አለኝ። አልተከራከርኩትም፤ ቃሉንም ለሐኪሙ አደረስኩላቸው። በልቤም እንደዚያው አስብ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሲደውሉ ግን ድምፃቸው ሌላ ነበር። «ልጄ፣ በበጎች ላይ ፈንጣጣ ገብቷል። ሁለት ጎጥ ይዟል። በወረቀት ልኬ እስኪመለስ የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም» አሉኝ። ላፕቶፔን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ሲማዳ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ከዋናው መንገድ ወዲያ ያለውን በባጃጅ ጨረስኩት።

ክሊኒኩ በር ላይ በግ ይዘው የቆሙ ገበሬዎች ነበሩ። ሐኪሙ እጃቸውን ታጥበው፣ በፎጣ አድርቀው ወደ ጠረጴዛቸው ወሰዱኝ። «ተቀመጪና እይኝ። ያጠፋሁት ነገር ካለ ንገሪኝ» አሉ።

አየኋቸው። የኮምፒውተሩን ኢንተርኔት ከስልካቸው አገናኙ። የይለፍ ቃሉን በሁለት ጣት፣ ፊደል በፊደል አስገቡ። ስማቸው ከላይ መጣ። ፎርሙን ከፈቱ፤ የክትባቱን ዓይነት፣ መጠኑን፣ ቀበሌውን ሞሉ። ሞልተው ሲጨርሱ ደግመው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ‹ላክ› የሚለውን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫኑ።

ቀዩ ጽሑፍ መጣ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። የዚህን ሰው መለያ የሚነግረኝ ክሌም አላገኘሁም ነው የሚለው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም። ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው።

«ይህችን ለአለቃሽም ንገሪልኝ» አሉ።

በራሴ ላፕቶፕ ገብቼ ያንኑ ፎርም ሞልቼ ላክሁ። እኔንም እንቢ አለኝ። ይህን ሥራ የማያውቅ ሰው ይገርመዋል፤ በዚያች ሰዓት ደስ አለኝ። እጄ ላይ የተበላሸ ነገር እጄ ላይ ሊድን ይችላል።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። የሌሎቹ ለምን ይሠራል? እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ክሊኒክ ለምትሠራ ባልደረባችን ደወልኩላት።

«ጥያቄ መላክ ችግር አለብሽ?»

«ኧረ የለብኝም። ጠዋት እንኳ ልኬያለሁ።»

«በአዲሱ መግቢያ ነው የምትገቢው?»

«የምን መግቢያ? የኔ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ወጥቼ አላውቅም፤ የይለፍ ቃሉ ይጠፋብኛል።»

ስልኩን ይዤ ወደ ሐኪሙ ዞርኩ። «ጋሼ፣ እርስዎ ሥራ ሲጨርሱ ይወጣሉ?»

«እንዴታ፣ በየቀኑ እወጣለሁ። ስልጠናው ላይ ‹ዘግታችሁ ሳትወጡ አትሂዱ› ያልሽን አንቺው አይደለሽ?»

ያን ሁሉ ሰው አሠልጥኜ ምክሬን የሰሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ በአሮጌው መግቢያ እንደገቡ የቀሩ ናቸው፤ የያዙት የድሮውን ምስክርነት ስለሆነ መለያው አለበት። እሳቸው ግን በየማታው ወጥተው በየጠዋቱ በአዲሱ ስለሚገቡ፣ መለያው የጎደለበት ምስክርነት ይሰጣቸው ነበር። በትክክል የሠራው ሰው ነው ተለይቶ የተመታው።

አለቃዬ ጋ ደውዬ ነገርኩት። «እንግዲያው ያንን ማጣሪያ አንሺውና ይላኩ» አለኝ። ቀላል ነበር፤ አንዲት ቃል መሰረዝ ነው። ሐኪሙ ሰምተው ኖሮ፣ «የምታነሺው ምንድን ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ፎርም በተከፈተ ቁጥር ሥርዓቱ ውስጡ አንዲት ማኅተም ይደብቃል፤ ቶክን ትባላለች። ማኅተሟ በከፈተው ሰው መለያ የታሰረች ናት። ፎርሙ ተሞልቶ ሲመጣ፣ ይቺ ማኅተም የዚህ ሰው ናት ወይ ብሎ ያያል፤ ማጣሪያው ይህ ነው። እሷ ባትኖር፣ እርስዎ ገብተው ሳለ ሌላ ተንኮለኛ ገጽ ቢከፍቱ፣ ያ ገጽ እርስዎ ሳያውቁ በስምዎ ጥያቄ ሊልክ ይችላል።

«በስሜ ያልጠየቅሁት መድኃኒት ቢወጣ የምጠየቀው ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያው አታንሺው» አሉ። «እኔ እጠብቃለሁ፤ አንቺ አስተካክይው።»

ሄደው በጎቹን ማየት ጀመሩ። እኔ የመድኃኒት ካርቶኖቹን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀመጥኩ። አዲሱ መግቢያ ስለ አንድ ሰው የሚልክልንን ሁሉ አውጥቼ ዘረዘርኩት፤ ስም፣ የሥራ መደብ፣ ወረዳ፣ የሠራተኛ ቁጥር። ማኅተሟ የለመደችው መለያ በእርግጥም ከመካከላቸው የለም። ከእነዚህ አንዱን መርጬ፣ ሰውን ከእንግዲህ በዚህ እወቂው ማለት አለብኝ። ለእጄ የቀረበው ስም ነበርና ስሙን መረጥኩ። ሐኪሙ ሊጠይቁኝ ብቅ ሲሉ ነገርኳቸው።

«ስም አይሆንም» አሉ። «እስቴ ውስጥ በኔም ስም፣ በአባቴም ስም የሚጠራ ሐኪም አለ። አንድ ጊዜ የኔ የዝውውር ደብዳቤ ለእሱ ደርሶት፣ ሰውየው ጓዙን ሸክፎ ነበር።»

ሳቅሁ፤ ስሙንም አጠፋሁት። የሠራተኛ ቁጥር የሁለት ሰው አይሆንም፤ ሰውም ቦታ ቢቀይር አይቀየርም። በእሱ ተካሁት። ያ ሁሉ መከራ የተፈታው በአንዲት መስመር ነው። ኔትወርኩ ቆረጥ ቀጠል እያለ ወደ ሥርዓቱ ላክኋትና ሐኪሙን ጠራኋቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ። ፎርሙን እንደ አዲስ ሞሉ፤ እንደ ልማዳቸው ደግመው አነበቡት። ተጫኑ። «ጥያቄዎ ደርሷል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ መጣ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ በሩ አዞሩትና ለገበሬዎቹ፣ «ይኸው፣ ተልኳል» አሏቸው። አንድ ገበሬ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «እግዜር ይስጥልን» አለ፤ ለማን እንዳለው እንጃ፣ እኔ ለራሴ ወሰድኩት።

ደስታችን ገና ሳይበርድ የመካነ ኢየሱሷ ባልደረባዬ ደወለች። «ምን አደረግሽው? አሁን ደግሞ እኔን እንቢ አለኝ።»

ወዲያው ገባኝ። የእሷ አሮጌ ምስክርነት የሠራተኛ ቁጥር የለበትም። «ወጥተሽ እንደገና ግቢ፤ ይስተካከላል» አልኳት።

«መውጫው የት ነው?»

ሐኪሙ እጃቸውን ዘረጉ፤ ስልኩን ሰጠኋቸው። «ስሚኝ እህቴ። ከላይ በቀኝ በኩል ስምሽ አለ። እሱን ንኪው። ‹ውጣ› የሚል ይመጣልሻል። አትፍሪ፣ የይለፍ ቃሉን እኔ ማስታወሻ ላይ እንደያዝኩት ያዢው አልልሽም፤ በልብሽ ያዢው» አሏት። ከእሷ በኋላ ሌላው ደወለ፣ ከዚያም ሌላው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስወጣት የሚቻልበት ዘዴ አለ፤ ያን ቀን ግን ትዝም አላለኝ። ለሁሉም የሐኪሙን ቁጥር ሰጠሁ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ በአንድ ጆሯቸው ስልክ ይዘው ጋይንትን፣ ሲማዳንና እስቴን አስወጥተው አስገቡ።

ንፋስ መውጫ ስመለስ ለአለቃዬ የሆነውን ሳልቀንስ ነገርኩት፤ የኔንም ጥፋት ጨምሬ። ሰምቶ ሲጨርስ ስልኩን አንሥቶ ደወለላቸውና፣ «ጋሼ፣ በእርስዎ ፈርጄ ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ከእሱ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ሆኖ በሚቀጥለው ሳምንት ሲሄድ አብሬ ሄድኩ። ሥራዬ አልነበረም፤ ለመንኩ እንጂ። የግጦሹ ሜዳ ላይ የሁለቱ ጎጥ በግ ሁሉ ተሰብስቧል። ሐኪሙ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው መርፌውን ይወጋሉ፣ እኔ ከገበሬዎቹ ጋር ሆኜ በግ እይዛለሁ። በግ መያዝ ቀላል መስሎኝ ነበር። አንዱ ሙክት ጎትቶ መሬት ላይ ጣለኝ፤ ተነሥቼ ያዝኩት።

ሲመሽ ወደ ንፋስ መውጫ የሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከአንዲት እናት ጎን ተቀመጥኩ። የበጉ ጠረን ሸትቷቸው ነው መሰል፣ ቀሚሴን አዩና፣ «ከገበያ ነሽ ልጄ?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ከሥራ ነኝ» አልኳቸው።