ያልተደገመው ሙከራ

የኔአለም በአማኑኤል ከተማ ፊዚክስ ታስተምር ነበር። በየክረምቱ ደግሞ ደብረ ማርቆስ እየሄደች ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ለመመረቂያ ጽሑፏ አንድ ጎኑ የሚሞቅ፣ ሌላው ጎኑ የሚቀዘቅዝ ዝግ ሳጥን ሠርታ ውሃ ሞላችበት። የሞቀው ውሃ ሽቅብ፣ የቀዘቀዘው ቁልቁል እየዞረ ሙቀቱን ያሻግራል። በዓይን የማይታይ ደቃቅ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ሲጨመርበት ይበልጥ ያሻግራል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። እሷ ያየችው ተቃራኒውን ነው፤ ዱቄቱ ሲበዛ ውሃው ወፈረና ዙረቱ ተጎተተ።

አማካሪዋ ዶክተር አምደሚካኤል ቁጥሮቹን ደጋግመው አዩ።

«እውነት ሊሆን ይችላል። ግን አንዴ የታየ ነገር ውጤት አይባልም፤ ድገሚው» አሏት።

«ዱቄቱ አልቋል፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው እስኪመጣ ጠብቂ።»

ከአዲስ አበባ ያዘዘችውን ዱቄት የጫነው መኪና ደጀን ሲደርስ በአካባቢው ጦርነት ተነሥቶ መንገዱ ተዘጋ። ሳምንታት ቆሞ ወደ መጣበት ተመለሰ። እሷ ስትጠብቅ የትምህርት ጊዜዋ አበቃና ስሟ ከመዝገብ ተሰረዘ።

ወደ አማኑኤል ስትመለስ እናቷ ወይዘሮ ደብሪቱ በር ላይ ተቀበሏት።

«ወደቅሽ እንዴ ልጄ?»

«አልወደቅኩም እማዬ። አላለፍኩምም።»

ያን ዓመት የምታስተምርበት ትምህርት ቤትም በጦርነቱ ምክንያት ዝግ ነበር። ቤት ተቀምጣ ቁጥሮቿን በንጹሕ ወረቀት ገለበጠቻቸው። የሚያነባቸው ሰው ግን አልነበረም።