አመድ የተቀባው ስንዴ

ፊደል የቆጠርኩት አርባ አንድ ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። አምቦ ውስጥ ግንበኛ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ የጎልማሶች ትምህርት ይሰጥ ነበር። ሲሚንቶ የበላው እጄን ይዤ ገባሁ፤ በሁለት ዓመት ማንበብ ቻልኩ። ዘግይቶ ማዕድ የቀረበ ሰው ልክ አያውቅም፤ ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር፤ የመድኃኒት ካርቶን፣ የሐዘን ማስታወቂያ፣ ሸቀጥ የተጠቀለለበት ጋዜጣ። በመጨረሻ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ገዛሁ። የዓለም ታላላቅ ሰዎች ታሪክ ነበር፤ ፈላስፋው፣ ሳይንቲስቱ፣ የአገር መሪው፣ ሁሉም በተርታ።

ያ መጽሐፍ አበላሸኝ። መጽሐፉ ምን ያድርግ፣ እኔው ነኝ የተበላሸሁት።

ሥራ ቦታ ምሳ ሰዓት ላይ ታላላቆቹን ማወዳደር ጀመርኩ። ማን ይበልጣል? ግማሹን ዓለም በጦር የያዘው ንጉሥ ወይስ ለፈንጣጣ ክትባት ያገኘው ሐኪም? አብሮን የሚሠራ አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ አፉ ከመዶሻው የሚብስ።

«ንጉሡ ነዋ!» ይላል። «ሐኪምህን ማን ያውቀዋል?»

«ንጉሡ የያዘው አገር የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ተበታተነ። ፈንጣጣ ግን ይኸው ጠፋ። ያንተን ፊት ያተረፈው ማን ይመስልሃል?»

«የኔ ፊት ተርፏል? እግዜር ይስጥልኝ፣ ኦቦ ፕሮፌሰር!»

ሁሉም ይስቃል። እኔ ግን ቀልድ አልነበረም የያዝኩት። ደረጃ አወጣሁላቸው። ሕግ የጻፉትን ከተዋጉት በላይ አደረግኩ፤ የመረመሩትን ከገዙት በላይ። ዘር ከወላጁ ምን እንደሚወርስ ለማወቅ በገዳም ጓሮ አተር እየዘራ ሲቆጥር የኖረውን መነኩሴ ከሁሉም በታች ጣልኩት። አተር መቁጠር ምን ታላቅነት አለው ብዬ።

ታላቅ ወንድሜ ደንዲ ውስጥ ገበሬ ነበር፤ ከጊንጪ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ መንደር። አባታችን ሲሞት እርሻውን ይዞ እኔን ያሳደገኝ እሱ ነው። እሱና ሚስቱ ልጅ አልነበራቸውም፤ ፊደልም አያውቁም። አንድ ኅዳር እንደ ወትሮዬ ልጠይቀው ስሄድ አጨዳ ሊጀመር ሳምንት ቀርቶት ነበር። ማጭድ ይዞ ብቻውን ስንዴው መሃል ይዞራል። አንዱን ዛላ አይቶ ያልፈዋል፣ ሌላውን ያገላብጥና ይቆርጣል። የቆረጠውን ለብቻው ቁርበት ላይ ይወቃዋል፣ ነቀዝ እንዳይበላው አመድ ይቀባዋል፣ በትንሿ ጎተራ ያስቀምጠዋል። ሰኔ ላይ የመንደሩ ሰው የራሱን ስንዴ ተሸክሞ ይመጣና ቁና በቁና ይለውጠዋል። ዋግ የሚሉት የስንዴ በሽታ የሌላውን ማሳ ሲያቀላ ያ ዘር ጸንቶ ይቆም ነበር። ጎረቤቶቹ ምርታቸውን ሁሉ አንድ አውድማ ላይ ስለሚወቁት ይደባለቅባቸዋል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ወደ እሱ ይመለሳሉ።

ይህን ሁሉ አሁን ነው የምጽፈው። ያኔ ከኋላው እየተከተልኩ ስለ መጽሐፌ እለፈልፍ ነበር።

«እነዚህ ሰዎች ለዓለም ትተው ሄዱ» አልኩት። «አንተስ ምን ትተህ ትሄዳለህ? ፍግ?»

ቀና እንኳ አላለም። «ፍግም መልካም ነው። ለመሆኑ ታላላቆችህ ምሳቸው ምን ነበር? ወረቀት?»

«ካንተ ጋር መነጋገር ከበሬ ጋር ነው።»

«በሬዬን አትስደብብኝ፣ ኦቦሌሳ። እሱ እንኳ ያርሳል።» ሲያሾፍብኝ ነው በኦሮምኛ ወንድሜ የሚለኝ።

የሞተው ግንቦት ውስጥ ነው፣ ኔትወርክ በጠፋበት ሰሞን። መርዶውን ሰው በሞተር ሳይክል አመጣልኝ። ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እኔ እጽፋለሁ አልኩ፤ የተቀናቀነኝ የለም። ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጥኩና የነገሥታት ግዛት እንደሚፈርስ፣ የሊቃውንት ሥራ ግን እንደሚኖር መጻፍ ጀመርኩ። እዚያ ላይ እያለሁ ከዕድሩ ሴቶች አንዷ መጡ፤ አኮ የምንላቸው አሮጊት ናቸው።

«ሰው በዝቷል፣ ለንፍሮ የሚሆን አልቆብናል» አሉ። «ትንሿ ጎተራ ውስጥ ስንዴ አለ። ግን አመድ ተቀብቷል፤ ተለይቶ የተቀመጠ ነው መሰለኝ። ሚስቱን ልጠይቃት?»

ሚስቱ ቤት ውስጥ ራሷን እስክትስት ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ ዓረፍተ ነገር መሃል ነበርኩ።

«እሷን ይተዉአት፣ አኮ። እህል እህል ነው። እጠቡትና ቀቅሉት።»

አሮጊቷ ወደ ጎተራው ሄዱ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሁለት ገጽ ሙሉ አነበብኩ፣ በአማርኛ፣ በትልልቅ ቃል። ከቆመው ሰው ግማሹ አልገባውም፤ ግማሹ ፀሐይ ሸሽቶ ነበር። ወንድሜ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ አራት መስመር ላይ ነው የተገኘው፤ ተወለደ፣ አገባ፣ አረሰ፣ ሞተ። ስለ ስንዴ ዘሩ አንድ ቃል የለበትም። ከዚያ ተመልሰን ንፍሮውን ዘገንን። እኔም ሁለት ጊዜ ዘገንኩ።

ለአርባው ስመለስ ሰኔ ሊያልቅ ነው። ጠዋት አንድ ጎረቤት ጆንያ ተሸክሞ ገባ።

«ነፍስ ይማር። ዘር ልለውጥ ነበር፣ መሬቱ ርሶልኛል።»

የወንድሜ ሚስት ወደ ጎተራው ሄደች። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነበር። የባሏ ወንድም ስለሆንኩ ዋርሳ ነው የምትለኝ።

«ዋርሳ፣ ትንሿ ጎተራ ባዶ ናት።»

ነገርኳቸው። መዋሸት ይቻል ነበር፤ አኮ ግን በሕይወት አሉ። ጎረቤትየው ጆንያውን ቀስ ብሎ አወረደ።

«በላነው በለኛ!» አለ። «እኔም እኮ ዘግኛለሁ። አይ ጉድ! ጣፍጦኝ ነበር እኮ!»

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። በዚያ ሳምንት ስድስት ሰባት ሰው መጣ። እየተቀበልኩ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። የሰደበኝ የለም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የወንድሜ ሚስት ጎተራዋን ጠርጋ ከደነቻት።

ዘሩን ፍለጋ ቤት ለቤት ዞርኩ፤ እስከ ጊንጪ ወረድኩ። ያለው ሁሉ የተደባለቀ ነው። አንዱ ሁለት ቁና ሰጠኝ፤ «ከእሱ ዘር ውስጡ አይጠፋም፣ ስንቱ እንደሆነ ግን እኔንጃ» ብሎ። በወንድሜ ማሳ ላይ ዘራሁት። ኅዳር ሲደርስ ማጭድ ይዤ መሃሉ ቆምኩ። ቀዩ አለ፣ ነጩ አለ፣ ረጅሙ፣ አጭሩ። የትኛው ነው የእሱ? ስንት ዓመት ከኋላው ሄጄ አንዲት ዛላ አይቼ አላውቅም። ሚስቱን ጠራኋት።

«እኔ ማጨድ እንጂ መምረጥ አላውቅም፣ ዋርሳ» አለች። «መምረጡን እሱ ነበር የሚያውቀው። አንተ አብረኸው ትዞር የለ? አልነገረህም?»

ጠይቄው አላውቅም አልኳት። ያማረኝን ቆረጥኩ፣ ወቃሁት፣ አመድ ቀባሁት። በሚቀጥለው ክረምት ዘራነው። መስከረም ላይ ዋጉ መጣ፤ የመረጥኩትም ያልመረጥኩትም አንድ ላይ ቀላ። ለከብት አጨድነው።