በእስኪርቢቶ የተጻፈው ሠላሳ

በዚያ የጠፈር ኤጀንሲ ተለማማጅ ተማሪዎችን «እርሳሶች» ይሏቸዋል። ስሙ ከሥራው የመጣ ነው። ሳተላይቷ በሰማያቸው በምታልፍባት አሥር ደቂቃ ውስጥ ተለማማጁ ቁጥሩን ከኮምፒውተሩ እያነበበ በወረቀት ላይ በእርሳስ ያሰፍራል፤ ቋሚ ሠራተኛ አመሳክሮ በእስኪርቢቶ ይደግመዋል። ኮምፒውተሩ አሮጌውን በየወሩ ስለሚደመስስ የሚቀረው ወረቀቱ ነው።

ልጅቷ ከስድስቱ እርሳሶች አንዷ ነበረች። ስድስት ወር ተለማምደው አንዱ ይቀጠራል ተብሏል፤ እሷም ያን አንድ ቦታ ቋምጣ ነበር የመጣችው። እናቷ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት። በረኪና የላጠውን የእናቷን እጅ እያየች ያደገች ልጅ፣ «የተቀጠርኩ ዕለት ሥራ ታቆሚያለሽ» ብላ ቃል ገብታላታለች።

ዓይነ ንቁ ናት። በአራተኛው ወር የሳተላይቷ ባትሪ ሙቀት ከተፈቀደለት ሠላሳ ዲግሪ አልፎ ሠላሳ ሦስት፣ ከዚያም ሠላሳ ስድስት ሲል ሳታስተጓጉል ጻፈችው። ለፈረቃ ኃላፊውም ነገረችው። ኃላፊው ቀልደኛ፣ ሰው የሚወደው ጎልማሳ ነበር።

«መለኪያው ነው የሚቀባጥረው» አላት።

«በየቀኑ እየጨመረ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«አንቺ ልጅ፣ የበላዮቹ ይህን ካዩ ባትሪው እንዲበርድ ካሜራዋን አጥፉ ይሉናል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ እንግዶች ፎቶ ሊያዩ ይመጣሉ። ምን ላሳያቸው፣ ያንቺን ጥርስ?»

ክፍሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች።

እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው የሦስት ሳምንት ወረቀት በእርሳስ እንደተጻፈ ተከምሮ ተገኘ፤ ኃላፊው አንዱንም አልደገመውም። እስኪርቢቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣት።

«ከዛሬ ጀምሮ እርሳስ አይደለሽም። ይህን ሁሉ አንቺ ድገሚልኝ። ከሠላሳ በላይ ያለውን ሠላሳ በዪው፤ እርሳሱን በላጲስ አጥፊው።»

ነገሩ ጎርብጧታል። ግን በዚያ ቤት ለተለማማጅ እስኪርቢቶ ተሰጥቶ አያውቅምና ቦታውን እንዳገኘች ቆጠረችው። ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ስትጽፍ ዋለች። እጅ ጽሑፏ ያምራል፤ ሠላሳ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ። አመሻሹ ላይ ለእናቷ ደወለች።

«እማዬ፣ በእስኪርቢቶ አስጻፉኝ።»

«እሰይ የኔ ልጅ። እኔ ሃያ ዓመት በሳሙና ስጽፍ ያነበበልኝ የለም።»

እንግዶቹ ፎቶውን አይተው፣ አጨብጭበው ሄዱ። እሷ ግን ሠላሳዋን በየቀኑ መጻፍ ቀጠለች፤ አንዴ ከጀመሩት ሠላሳ አንድ ማለት ራሱ ይከብዳል።

ከወር በኋላ አንድ ረፋድ ላይ ሳተላይቷ በሰዓቷ አለፈች፤ ድምፅ ግን የለም። ጠሯት፣ ደግመው ጠሯት። ባትሪው ሞቷል። ያን ጊዜ ሁሉም «እኔ እኮ ጠርጥሬ ነበር» ይል ጀመር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

አጣሪዎቹ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ።

«ኮምፒውተሩ ላይ የቀረው የዚህ ወር ቁጥር አርባ ሁለት ይላል። ይህ ሠላሳ የማን ጽሑፍ ነው?»

«የኔ ነው። እሳቸው ናቸው እንዲህ በዪ ያሉኝ።»

ኃላፊው አንገቱን ደፋ። «አምኜ እስኪርቢቶዬን ሰጠኋት። ጥፋቴ እሱ ነው።»

«መጀመሪያ በእርሳስ የጻፍሽውስ የት አለ?» አሏት አንዲት አሮጊት አጣሪ፣ ሊረዷት ፈልገው።

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ማን አጥፊ አለሽ?» ሲሏት ወደ ኃላፊው አየች፤ እሱ ወረቀቱን ያያል። በዚያ ክፍል አብረዋት የሳቁት አምስቱም ተጠየቁ፤ አንዱም የሰማው ነገር አልነበረም።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና ለኃላፊው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈለት፤ ልጅቷ ያለ ምስክር ወረቀት ተሸኘች። ቦታው አንድም ቀን ጠይቆ ለማያውቅ ተለማማጅ ተሰጠ።

ለእናቷ «ቦታው ታጠፈ» አለቻት። እናትየዋ በጀቱንም አለቆቹንም አንድ ላይ ረገመችና በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወደ አንሶላዋ ሄደች። ሳምንት ሳይሞላ ሳተላይቷ ባትሪዋ ከልክ በላይ ሞቆ መጥፋቷ በሬዲዮ ተነገረ። እናት ድምፁን ከፍ አድርጋ ሰማች።

«ይበላቸው» አለች። «አንቺን የመሰለ ልጅ ሸኝተው። አንቺ ብትኖሪ ባትሪው መሞቁን ታዪላቸው ነበር።»

«አዎ፣ እማዬ» አለች ልጅቷ።

እናት ይህንኑ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። እስከ ዛሬም ታወራለች።