ሳልጨምር ያደረስኩት ተረት

«እማ፣ አንቺ ልጅ ሳለሽ ማን ነበር የሚያርምሽ?»

ልጄ ሂክማ ይህን የጠየቀችኝ በስደት ዐረብ አገር፣ ዓይን ኤል ረማነህ በሚባል ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ በሻማ ብርሃን፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ ሳይደርቅ ነው። በማግስቱ ጃል ኤል ዲብ ያለ ትምህርት ቤት ለፈተና ቀጥሯታል። ፈተናው የቃል ነበር፤ መምህሯ ፊት ቁጭ ብላ አንድ ተረት በእንግሊዝኛ መናገር አለባት። ከዚያ በፊት የሞከርነው ትምህርት ቤት መልሶናል። ይህኛው ካልተቀበላት ወዴት እንደምወስዳት አላውቅም ነበር።

የምታስጠናት ጎረቤታችን ሰላማዊት ነበረች። ባዳሮ ሰፈር ባለ ፀጉር ቤት የምትሠራ፣ ድሮ የማዳሟን ልጆች ስታስጠና እንግሊዝኛውን አብራ የለመደች ልጅ ናት። ሂክማ ቃላቱን ታውቃለች፤ የሚያስቸግራት ከቃላቱ ጎን የምትለጥፋቸው ትንንሾቹ ናቸው። «ቤት ገባ» ለማለት «ኢንተርድ ኢንቱ ዘ ሀውስ» ስትል ሰላማዊት ጠረጴዛውን መታ ታደርጋለች።

«‹ኢንቱ› እዚህ ምን ትሠራለች? ‹ኢንተርድ› ካልሽ ገብተሻል፣ ኸላስ፣ በቃ! ገብተሽ ደግሞ ልትገቢ ነው?»

«ዲስከስድ አባውት…»

«‹አባውት›ን ደግሞ ማን ጠራት? ሳትጋበዝ ሠርግ የምትሄድ!»

መጀመሪያ ሂክማ ሳቀች። «ሪተርንድ ባክ» ብላ፣ ማለት ተመልሶ ተመለሰ ብላ፣ እንደገና ስትታረም ግን ሳቋ ጠፋ። ከዚያ ፈርታ ሁሉንም እየነቀለች ትጥል ጀመር። አዳመጠችው ለማለት «ሺ ሊስንድ ሂም» አለች።

«ያኒ፣ ማለቴ፣ እዚህማ ‹ቱ› ያስፈልጋታል!»

«አትጨምሪ አላልሽኝም?» ብላ ልጄ አለቀሰች።

ሰላማዊት ወደ እኔ ዞረች። ክፉ ልብ የላትም፤ ደክሟታል እንጂ። «ዘይኔ፣ ካንቺ ነው የምታመጣው» አለችኝ። «‹ስለ ጉዳዩ ተወያየን›፣ ‹ወደ ቤት ገባ› ትያታለሽ፤ ‹ስለ›ውንም ‹ወደ›ውንም ተሸክማ እንግሊዝኛ ውስጥ ታራግፈዋለች። አማርኛውን ተዪባት። የማታ ተረቱንም ተዪው። ነገ ደግሞ ቤት ውስጥ በምን ታናግሪያታለሽ ካሉሽ፣ በዐረብኛ በይ።»

የእኔ ዐረብኛ የማጠቢያና የማብሰያ ዐረብኛ ነው፤ ልጅ አይመከርበትም። ቀን ሙሉ ሰው ቤት ስሠራ ውዬ ማታ የምንገናኘው በዚያች ተረት ነበር። እሷን ከተውኩ ከልጄ ጋር ምን እንደሚቀረን እያሰብኩ ሳለሁ ነው ያን ጥያቄ የጠየቀችኝ።

ልጅ ሳለሁ ያረሙኝ አያ ይመር ነበሩ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከኮምቦልቻ ከፍ ብላ ባለችው መንደራችን ገመድ ይሠሩ ነበር። ያኔ መግሪብ ተሰግዶ ከብቱ ከገባ በኋላ እኛ ልጆች እሳቸው ዘንድ ተሰብስበን የቃጫውን ጫፍ እንይዝላቸዋለን፤ እሳቸው ከፍሙ ማዶ ተቀምጠው እየገመዱ ተረት ያወሩልናል፤ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን ያስለቅሰዋል፣ ኩራዟ ነፋስ በነካት ቁጥር ጥላቸው ግድግዳው ላይ ይወጣል ይወርዳል። ተረቱ ሲያልቅ አንዳችን መልሰን እንናገረዋለን። ከራሳችን ስንጨምር እጃቸው ቆም ይላል። ሌላ ቁጣ አልነበራቸውም፤ ያ እጅ ሲቆም የጨመርኩትን አውጥቼ እንደገና እጀምራለሁ።

አያ ይመርና ታናሽ እህታቸው እመት ፋጡማ በአባታቸው ማሳ ድንበር ተጣልተው ላይነጋገሩ በቁርኣን ምለው ነበር። ቤታቸው ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ነው፤ የአንዱ ቤት ጭስ ለሌላው ይታያል። ሽማግሌ ሲገባ ሁለቱም «መሐላ አለብኝ» ይላሉ። ያኔ መሐላ ይፈራ ነበር። የእኛ አገር ሰው ግን በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሄድበት መንገድ አለው፤ ለልጅ ይነግራል። ለልጅ የተነገረ ነገር መሐላ አያፈርስም።

አንድ ምሽት ሌሎቹን አሰናበቱና እኔን አስቀሩኝ።

«ዘይነባ፣ ይችን ተረት ሄደሽ ለፋጡማ ንገሪያት። እኔ የተናገርኩት ላንቺ ነው፤ ለሷ አልተናገርኩም።»

«እሺ አያ።»

«እንዳትጨምሪ። ሰላም ብሎሻል እንኳ እንዳትይ።»

ተረቷ ይች ነበረች። ሁለት ቆቆች በአንድ ማሳ ይለቅሙ ነበር፣ ወንዱ በላይ፣ ሴቷ በታች። ዝናብ መጣ። መጠለያ የሚሆነው አንድ ቁጥቋጦ ብቻ ነበር። ወንዱ ገባ። ከውስጥ ሆኖ አያት። ዝናቡም አላባራም።

በቃ፣ ይኸው ነው። ወንዙን በጨረቃ ብርሃን ተሻገርኩ። እመት ፋጡማ ተቆጥተው ቢያባርሩኝስ? አያ ይመር በእኔ ምክንያት ቢያፍሩስ? በፍርሃቴ ልክ ቃሉ አፌ ውስጥ እየበዛ መጣ። አዘነላት ልበል? ነይ ግቢ አላት ልበል? ቢጨመርበት የሚጠነክር መሰለኝ።

እመት ፋጡማ ምድጃ ዳር ነበሩ።

«አንቺ ቁንጥር፣ በዚህ ምሽት ማን ላከሽ?»

«ተረት ይዤ ነው የመጣሁ።»

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፤ ከማን እንደሆነ ገብቷቸዋል። ተናገርኩና «ዝናቡም አላባራም» ብዬ አፌን ዘጋሁ።

«ጠራት አይደል?» አሉኝ።

«አልነገሩኝም።»

«ዝም ብሎ አያት?»

«አያት።»

ፍሙን ሲቆሰቁሱ፣ ሲቆሰቁሱ ቆዩ። በመጨረሻ ቀና ሳይሉ «ቁጥቋጦው ለሁለት ይበቃ እንደሁ ጠይቂ» አሉ። ቀጠሉና «ላንቺ ነው የተናገርኩ!» ብለው ተቆጡኝ።

ያችኑ ይዤ ተመለስኩ። ስነግራቸው የአያ ይመር እጅ ቆመ። ጨመርኩ ይሆን ብዬ ደነገጥኩ።

«ራሷ ናት ያለችው?»

«ራሳቸው ናቸው።»

ጋቢያቸውን ደርበው፣ ቃጫውን እንደተዘረጋ ጥለው ወንዙን ሊሻገሩ ወጡ። መሐላውን ኋላ ሼኹ ባዘዟቸው መሠረት ጾመው ካሱት። ያኔ ያልገባኝ አሁን ይገባኛል፤ እኔ «ጠራት» ብዬ ብጨምር ኖሮ ለእመት ፋጡማ የሚጠይቁት ነገር አይቀራቸውም ነበር።

ይህን ሁሉ ለሂክማ በአማርኛ ነገርኳት። ሰላማዊት ለሥራዋ የምትወስደውን ፎጣ እያጠፈች በጎሪጥ ታየኛለች፤ ግን አላቋረጠችኝም። ሂክማ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ለምንድን ነው ያልጠራት ግን?»

«አንቺ ስትናገሪው እንዲጠራት ትፈልጊያለሽ?»

አሰበች። «አይ። መምህሯ ትጠይቀኝ።»

ሰላማዊት ሳቀች። «ውይ፣ ይቺ ተንኮለኛ! ያላ፣ እስቲ በእንግሊዝኛ በይው።»

ሂክማ ተነሥታ ቆመች። እኔ ትክክል ትበል አትበል አላውቅም፤ የማየው የሰላማዊትን ፊት ነው። ልጄ አንድ ቃል ትልና ቆም ትላለች፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ትመዝናለች፣ ትለቀዋለች። «ኢንተርድ ዘ ቡሽ» አለች፤ ከዚያ በኋላ ምንም አላስከተለችም። የሰላማዊት ቅንድብ አልተነሣም። «ሉክድ» ብላ ደግሞ ቆመች፤ የሚከተላትን ፈልጋ «አት ኸር» አለች። ሰላማዊት ራሷን ነቀነቀች። አንድ ቦታ የማያስፈልግ ነገር አስገባች መሰለኝ፣ ራሷ ተመልሳ አወጣችው።

«ደህና ናት» አለች ሰላማዊት ፎጣዋን ይዛ ስትነሣ። «አንቺ ግን ዘይኔ፣ ዐረብኛ በይ። ስለ ሀበሻ ተረት የሚሰሙበት ጊዜ የላቸውም።»

ከዚያ የልጅነቴ ቤት ዛሬ የቀረልኝ ጥቂት ነው። ኩራዟንም ጭሱንም አስባቸዋለሁ እንጂ አላያቸውም፤ አያ ይመርንም አላህ ይማራቸው። የቀረው ሰውን አምኖ የመናገር ነገር ነው፤ የሚሰማኝ ሰው የራሱ ልብ አለው ብሎ የማመን። እኔ ለልጄ የማወርሳት ይሄን ነው፤ ይሄንን ደግሞ የማውቀው በአማርኛ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሱብሒን ሰግጄ ፀጉሯን ጎነጎንኩላት፤ ቫን ይዘን ጃል ኤል ዲብ ደረስን። መምህሯ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ በር ላይ ተቀበለችን፤ ከሂክማ በፊትም እኔን በዐረብኛ ጠየቀችኝ።

«ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ታናግሪያታለሽ?»

ሰላማዊት የሰጠችኝ መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሂክማ እጄን ጨበጥ አደረገችው።

«በሀበሻ ቋንቋ፣ ማዳም» አልኩ። «ተረትም የምነግራት በሱ ነው።»

መምህሯ ትንሽ አየችኝ፤ ምን እንዳሰበች ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም። የውስጡን በር ከፈተች። እኔም መምህሯ እየሰማችኝ ለልጄ በአማርኛ «ቢስሚላህ ብለሽ ግቢ፣ የኔ እናት» አልኳትና እጇን ለቀቅኩት።